ጓርኒሲዮኑ የመሰከረው

ሞተር ሌሊቱን አርፎ ሲያድር፣ ከሞተሩ ራስ፣ ከቴስታታው፣ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደው የላይኛው የጎማ ቱቦ ጠዋት ሲጨብጡት ለስለስ ይላል። የዚያን እሁድ ማለዳ ደብረ ማርቆስ፣ ከግቢያችን ቆሜ ስጨብጠው ግን እንደ ደረቅ እንጨት ጠጠረብኝ። በአውራ ጣቴ ደግሜ ተጫንኩት፤ አልበገር አለ። ለምን እንደሆነ ራሴን ሳልጠይቅ ኮፈኑን ዘጋሁና እናቴን ደግፌ ከፊት ወንበር አስቀመጥኳት።

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን የምናገረው፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በዚያ ቱቦ ውስጥ ስለነበረ ነው። የቀዘቀዘ ሞተር ግፊት ሊኖረው አይገባም። ካለው፣ ሲሊንደሩ ውስጥ መቅረት የነበረበት ጋዝ ትናንት ወደ ውሃው ሾልኮ ገብቷል፣ መውጫም አጥቶ አድሯል ማለት ነው። ዛሬ ይህን ላገኘሁት ባለመኪና ሁሉ እነግራለሁ። ያን ቀን ግን መኪናዋ ከጋራዥ ከወጣች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነበር፤ ተጠግናለች ብዬ አምኜ ነበር።

በፈረንጆች 1994 የተሠራች ደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ሞተሯ ስሪ ኤል የሚባለው ነው፤ አራት ሲሊንደር፣ 2,779 ሲሲ፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ። እኔና የእህቴ ባል የዕቁብ ገንዘባችንን አዋጥተን ገዛናት። እኔ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ እሱ ይነዳታል። ጤፍ ከገጠር ታመጣለች፣ ሙሽራ ታጅባለች፣ ሬሳ ትሸኛለች፣ ምጥ የያዛትን ሴት በሌሊት ይዛ ትሮጣለች። ኮምፒዩተር የላትም፣ ሽቦዋ ጥቂት ነው፣ የሚፈታው ሁሉ በቁልፍ ይፈታል። በእኛ አካባቢ መንገድ ላይ እንዲህ ያለች መኪና የብዙ ቤት ተስፋ ናት።

ለማያውቅ ላስረዳ። የሞተሩ የታችኛው አካል፣ መካኒኮች ሞኖብሎክ የሚሉት፣ ሲሊንደሮቹን ይዟል። በላዩ ላይ ቴስታታው እንደ ክዳን ይጋደማል። በሁለቱ መካከል ከካርቶን ብዙም የማይወፍር ነገር አለ፤ ጓርኒሲዮን ይባላል። ይህ ስስ ነገር እሳትን፣ ውሃንና ዘይትን እንዳይገናኙ ይለያያል። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ በካንዴላ ብልጭታ አይነሣም። የእኛ ዓይነቱ አየሩን ከ20 እጥፍ በላይ ጨምቆ፣ ከጭመቃው በሚመጣው ሙቀት ብቻ ናፍጣውን ያነደዋል። ስለዚህ ቴስታታውን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ከቤንዚን ሞተር ይልቅ እጅግ ይበረታል። በቤንዚን ሞተር ወራት ተሸፋፍኖ የሚቆይ ጥፋት በናፍጣ ሞተር በአንድ ዳገት ይገለጣል።

መጀመሪያ የፈላችው በጥር ወር፣ ከአዲስ አበባ ስንመለስ፣ የደጀን ዳገት ላይ ነው። የእህቴ ባል 'ትቀዝቅዝ' ብሎ ከዛፍ ሥር ተቀመጠ። እኔ አልታገሥኩም። የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዤ ቀስ በቀስ አስተነፈስኩትና፣ ብረቱ ገና ግሎ ሳለ ከጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ሞላሁበት። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፤ ባንድ ወገን ድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል። ይህን ለ22 ዓመት ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ አስተምሬአለሁ። የ16 ዓመቱ የእህቴ ልጅ አጠገቤ ቆሞ እጄን ያይ ነበር። ቤት ስንደርስ ጭስ ማውጫዋ ነጭ እንፋሎት ይተፋ ነበር፤ የዘይት መሙያው ክዳን ውስጥም ማኪያቶ የመሰለ ነገር ተለጥፎ አገኘን። ዘይትና ውሃ ተገናኝተዋል።

በከተማችን ካሉት ጋራዦች ወደ አንዱ ወሰድናት። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የጋራዡ ብቻ አልነበረም። መካኒኩ ወጣት ነው፣ እጁ ፈጣን፣ ጠባዩም ደህና። ሐሙስ ቴስታታውን እንዳወረደ አስጠራኝ።

'መምህር፣ ይሄ ባሕር ዳር ቶርኖ ቤት ሄዶ መታየት አለበት። ሦስት ቀን ይስጡኝ' አለኝ።

እናቴ ሰኞ ጠዋት አዲስ አበባ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ነበራት። አራት ወር ጠብቀንለታል። እንቅርቱ ወደ ውስጥ አድጎ መተንፈሻዋን መጫን ጀምሯል፤ ማታ ማታ ተጋድማ መተኛት ትታ፣ ግድግዳ ተደግፋ ነበር የምታነጋው። በአውቶቡስ ተጨናንቃ መሄድ የማይታሰብ ነው። 'ሦስት ቀን የለኝም፤ ነገ ማታ አስረክበኝ' አልኩት። ቴስታታውን ዝም ብሎ አየው። ከዚያ 'ይሁን እንግዴህ' አለ።

አርብ ማታ ተነሣች። ድምፅዋ ያማረ ነበር። ቅዳሜ ከተማ ውስጥ አዞርናት፤ የሙቀት መርፌዋ ከመሃል አላለፈችም። ሜዳ ላይ ጤነኛ ነበረች። ዳገት አልሞከርናትም።

ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች ርቀት መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ አባይ ይወርድና፣ ወንዙን ተሻግሮ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። ቁልቁለቱ ላይ የሚሠቃየው ፍሬን ነው፤ ሞተር ያርፋል። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውን የህዳሴ ድልድይ ተሻግረን ወደ ጎሐ ጽዮን መውጣት ስንጀምር ከረፋዱ 5 ሰዓት ሆኖ ነበር። ከሥራችን የቆላው ሙቀት ይንቀለቀላል፤ ከፊታችን ዳገቱ ቆሟል።

የእህቴ ባል በሁለተኛ ማርሽ ያዛት፤ እኔና ልጁ ከኋላ ነን። ሦስት ኩርባ እንደወጣን መርፌዋ ከመሃል ተነሣች። የቆየ ሹፌር የሚያውቀውን ዘዴ ሞከረ፤ መስኮቶቹን ከፍቶ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ለቀቀው። ማሞቂያው ከሞተሩ ውሃ ሙቀት ስለሚወስድ ራዲያተሩን ጥቂት ያግዘዋል። በዚያ ሐሩር ላይ የምድጃ አየር ፊታችን ላይ ነፋ። እናቴ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፈነች እንጂ ምንም አላለችም። መርፌዋ ቀዩ ጋ ደረሰች።

'እናቁም' አልኩ።

'ከዚያች ኩርባ ወዲያ ሰፋ ያለ ቦታ አለ፤ እዚያ' አለ።

ከዚያ መርፌዋ ወረደች። ቀስ ብላ አልነበረም፤ ባንዴ ከመሃል በታች ወደቀች። ያኔውኑ ከማሞቂያው የሚወጣው አየር ቀዘቀዘ። የእህቴ ባል 'ተመስገን!' አለ። እኔም 'ተመስገን' አልኩ። ስለዚህች ቃል ብዙ ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። የሙቀት መለኪያው የሚለካው የተነከረበትን ውሃ ነው። ውሃው ሲሸሽ ደርቆ ይቀራል፤ የሚለካው ያጣል። የማሞቂያው አየርም የቀዘቀዘው በውስጡ የሚያልፍ ውሃ ስለሌለ ነበር። ከሲሊንደሩ የሾለከው ጋዝ ውሃውን በትርፍ ማጠራቀሚያው በኩል ሲገፋ ሲገፋ አብዛኛውን አስወጥቶት፣ ቴስታታው በደረቁ ይነድ ነበር። እኛ ደግሞ አምላክን እናመሰግን ነበር። ያ ምስጋና ወደ 300 ሜትር አስኬደን። አቁመን ቢሆን ኖሮ ምናልባት ቴስታታው ይተርፍ ነበር፤ እርግጠኛ አይደለሁም፣ አሁንም እጠይቃለሁ።

ድምፅዋ ወፈረ፣ ጉልበቷ ላላ፣ ኩርባው ላይ እንዳለች ቆመች። የእህቴ ባል የእጅ ፍሬን ስቦ ወረደና ድንጋይ ከጎማዎቹ ኋላ አስገባ። እኔ እናቴን ወደ መንገዱ ዳር፣ ወደ አለቱ ጥላ ወሰድኳት። ሁለታችንም ጀርባችንን በሰጠንበት በዚያች ጊዜ ልጁ ኮፈኑን ከፈተ። ሊረዳን ነው። በጥር እኔ ሳደርግ ያየውን አደረገ፤ ጨርቅ ይዞ የራዲያተሩን ክዳን አዞረ።

እንደ ከተማችን ባለ ከፍታ፣ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ላይ፣ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዘው፣ ውስጥ ያለው ውሃ ከ100 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ በተከፈተባት ቅጽበት ያ ውሃ ውሃ ሆኖ መቆየት አይችልም፤ ከፊሉ እዚያው እንፋሎት ሆኖ ሌላውን ይዞት ይወጣል። ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ አስጽፌአለሁ። የልጁን ጩኸት ስሰማ ግን ምን እንደሆነ ለመረዳት ዞሬ ማየት ነበረብኝ። ቀኝ ክንዱ ከአንጓው እስከ ክርኑ፣ አንገቱም ከጆሮው በታች። ፊቱን ዞር አድርጎ ስለነበር ዓይኑ ተረፈ።

አንድ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ነበረን። የእህቴ ባል ደንግጦ፣ ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ፣ ጀሪካኑን አንሥቶ ወደ ራዲያተሩ ሮጠ። የገዛ ልጁ እየጮኸ ወደ ሞተሩ መሮጡን አልታዘብበትም፤ ድንጋጤ እግርን የለመደበት ይወስደዋል። ያስቆመው የእናቴ ድምፅ ነው። በእንቅርቱ ምክንያት ጮክ ብላ ከተናገረች ወራት አልፈዋል።

'ውሃው ለልጁ!' አለች።

ልጁን አስቀምጬ ክንዱን ዘርግቼ ውሃውን ቀስ እያልኩ አፈሰስኩለት። አንድ አይሱዙ ቆመ፤ ረዳቱ ወርዶ የጥርስ ሳሙና አመጣ። 'ይሄን ቀቡት፣ ያበርዳል' አለ። አመሰገንኩትና አልቀበልም አልኩ። የጥርስ ሳሙናም ሆነ ቅቤ ሙቀቱን ሥጋው ውስጥ አፍኖ ያስቀረዋል፤ ለቃጠሎ የመጀመሪያው መድኃኒት የሚፈስ፣ ቀዝቀዝ ያለ እንጂ እንደ በረዶ ያልቀዘቀዘ ንጹሕ ውሃ ነው፤ 20 ደቂቃ ያህል። ሰዓቴን እያየሁ ቆጠርኩ። ያን ቀን በትክክል ያደረግኩት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ጀሪካኑ አልቆ ሲንጠባጠብ የአይሱዙው ሹፌር እናቴን፣ ልጁንና አባቱን አሳፍሮ ወደ ጎሐ ጽዮን ወጣ። ገንዘብ ልሰጠው ብሞክር እጄን መለሰው።

እኔ ከመኪናዋ ጋር ቀረሁ። የዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጬ ከፊትም ከኋላም መንገዱ ላይ ደረደርኩ፤ ከኩርባ ለሚመጣ ሹፌር ያ ነው ምልክቱ። ዝንጀሮዎቹ ከአለቱ ላይ ሆነው አዩኝ፣ ሲመሽ ወደ ገደላቸው ወረዱ። ሌሊቱን ሙሉ ከባድ መኪኖች በዝግታ ሲያቃስቱ ይወጣሉ፣ የሚወርዱት የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ትተው ያልፋሉ። እያንዳንዱ መብራት ኩርባውን ሲዞር 'ይሄኛው አያየኝም' እላለሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ የእህቴ ባል ደወለ። ልጁ ወደ ፍቼ ተልኳል፣ ቁስሉ ጥልቅ ቢሆንም ለሕይወቱ አያሰጋውም። እናቴ ግን መተኛት አልቻለችም። ለቀጠሮዋ የቀረው ስድስት ሰዓት ነው። ስልኩን ዘጋሁና መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ሲነጋ ያ የአይሱዙ ረዳት ከሌላ መኪና ወርዶ መጣ፤ ውሃና ዳቦ ይዞልኛል። ከ20 ዓመት አይበልጥም። ውሃውን ሞላሁ፤ ቁልፉን ላዞር ስል እጄን ያዘኝ።

'ጋሼ፣ እንዳያስነሡት። መጀመሪያ እንይ' አለ።

ውሃ እንደ አየር አይጨመቅም። ሲሊንደር ውስጥ ተጠራቅሞ ካደረና ሞተሩ ከተዞረ፣ ፒስተኑ ውሃውን መጭመቅ ሲያቅተው የሚገፋው ዘንግ፣ ቢየላው፣ ይጣመማል፤ ያኔ ቴስታታ ብቻ አይደለም፣ ሞተሩ ያልቃል። ረዳቱ ለማስነሣት ሲሊንደሮቹን የሚያሞቁትን አራት ካንዴላዎች ፈታና 'አሁን ለአፍታ ያዙሩት' አለኝ። ከሦስተኛው ቀዳዳ ውሃው እንደ ምንጭ ወጥቶ ኮፈኑን መታ። ሁለታችንም ዝም አልን። የአንድ ረዳት ጥንቃቄ ሞተሩን አዳነው። ከዚያ በኋላ በሰንሰለት ተጎትታ ወጣች፤ ጎሐ ጽዮን ላይ በጭነት መኪና ተጭና አዲስ አበባ ገባች።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያገኘኋቸው መካኒክ ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ ነው። አንድም ነገር ሳይፈቱ አንድ ሙሉ ጠዋት ጠየቁኝ። መጀመሪያ ስትፈላ መርፌዋ በስንት ደቂቃ ነው የወጣችው? ሜዳ ላይ ነው ዳገት? ጠዋት ቱቦው እንዴት ነበር? ስለ ቱቦው ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ምንም አላሉም። ቴስታታውን ባወረዱ ጊዜ ጓርኒሲዮኑን እንደ ብራና ገልብጠው ነጭ ጨርቅ ላይ ዘረጉት፤ መነጽራቸውን አጠለቁ።

'ይሄ ምስክር ነው። የመጀመሪያውንስ የት ጣላችሁት?' አሉኝ።

የት እንደተጣለ አላውቅም። ማንም አላየውም። ወጣቱ መካኒክ ፍቆ አወጣው፣ ከቆሻሻው ጋር ሄደ፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከዚያ አነበቡልኝ። በሦስተኛውና በአራተኛው ሲሊንደር መካከል ያለው የብረት ቀለበት ተቃጥሎ ጠቁሯል፤ እሳቱ የተሻገረው በዚያ ነው። የውሃ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ሲሊኮን ተቀብቷል። ይህ ጓርኒሲዮን በደረቁ የሚቀመጥ ነው። ሲሊኮኑ ሲጨመቅ ወደ ውስጥ ተርፎ አንዱን የውሃ መንገድ በግማሽ ደፍኖታል። ለዚህ ሞተር ጓርኒሲዮኑ በሦስት ውፍረት ይሠራል፤ ጠርዙ ላይ ባለው ምልክት ይለያል፤ የሚመረጠውም ፒስተኑ ከሞኖብሎኩ ገጽ ምን ያህል ብቅ እንደሚል ተለክቶ ነው። የእኛ በግምት ነው የተገዛው። አሮጌዎቹ ቡሎኖች ተመልሰው ገብተዋል፤ ከአዲስ ጋር ጎን ለጎን ሲያቆሟቸው ሁለቱ ረዝመው ታዩ። ሞኖብሎኩ በታጠበ ጊዜ የቡሎን ጉድጓዶቹ በአየር አልተነፉም፤ ከሥራቸው ውሃና ዘይት ቀርቷል። ቡሎኑ ሲጠብቅ የሚታገለው ከዚያ ፈሳሽ ጋር ነው፤ እጅ 'ጠብቋል' ይላል፣ ቴስታታው ግን አልተያዘም።

'ሁሉም የአንድ ሌሊት ሥራ ነው' አሉ እሳቸው። እንዴት አወቁ ብዬ አልጠየቅኳቸውም።

ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄደ። ቀጥ ያለ ብረት ገጹ ላይ አጋድመው በሥሩ ስስ የብረት ቅጠሎች እየሰደዱ ለኩት፤ መሃሉ ላይ 0.25 ሚሊሜትር ክፍተት ተገኘ። ከፀጉር ጥቂት እጥፍ ቢሆን ነው፤ ለእሳት ግን ሰፊ በር ነው። በላዩም በአሸዋ ወረቀት የተፈተገበት ምልክት ነበር። አስልገን እንጠቀምበት ይሆን ብለን ቀዳዳዎቹን ደፍነው፣ አየር ሞልተው፣ የሞቀ ውሃ ውስጥ ሲያጠልቁት ከሦስተኛው ሲሊንደር ሁለት ቫልቮች መካከል አረፋ ተሰልፎ ወጣ። ተሰንጥቋል። በጥር ቀዝቃዛ ውሃ ስሞላበት ይሁን፣ አባይ በረሃ ውስጥ በደረቁ ሲነድ፣ ማንም ሊለየው አይችልም። በጥር ከሆነ፣ ያንን ስንጥቅ ሦስት ቀን ቢሰጠው ያ ወጣት ባሕር ዳር ያገኘው ነበር። ከዚያ ወዲያ አላሰብኩም፤ ማሰብ አልቻልኩም።

ሽማግሌው መካኒክ ግን ገና አልጨረሱም። ጓርኒሲዮኑ የተቃጠለው ሞተሩ ስለፈላ ነው፤ ሞተሩስ መጀመሪያ ለምን ፈላ? ማንም ያልጠየቀው ይህ ነበር። ራዲያተሩን አውርደው የገንዳውን ክዳን ከፈቱት። ከግማሽ በታች ያሉት ቀጫጭን መተላለፊያዎች በነጭ ቅርፊት ተደፍነዋል፤ በጀበና ወይም በማንቆርቆሪያ ሥር እንደሚጋገረው ያለ። ለዓመታት የምንጭና የጉድጓድ ውሃ ነው ስንሞላ የኖርነው። አገራችን በረዶ የለም፣ ኩላንት ለምን ይገዛል ስንል ነበር። ኩላንት ግን ከበረዶ ብቻ አይደለም የሚጠብቀው፤ ዝገትንና ቅርፊትንም ይከላከላል። ማራገቢያውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ክላችም ዝሎ ነበር፤ ዳገት ላይ፣ መኪና በዝግታ ስትሄድ፣ አየር የሚሰጣት እሱ ብቻ ነው። አዲስ ጓርኒሲዮን ቢገባላት፣ ቴስታታው ቢለወጥላት እንኳ፣ በዚህ ራዲያተር ሁለተኛ ዳገት አትወጣም ነበር።

ሶማሌ ተራ ሁለት ቀን ዞሬ ያገለገለ ቴስታታ አገኘሁ፤ ስንጥቅ ከተገኘበት እመልሳለሁ ብዬ ተስማምተን ነው የወሰድኩት፤ ሲፈተሽ ደህና ወጣ። ራዲያተሩ አዲስ ሆድ ገባለት። አዳዲሶቹ ቡሎኖች ከመሃል ወደ ዳር በተራ ተጠበቁ፤ መጀመሪያ በመለኪያ ቁልፍ 78 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ ሩብ ዙር፣ ደግሞ ሩብ ዙር። እሳቸው ሲያጠብቁ ማንም እንዲያናግራቸው አይፈቅዱም። ወጪው ከመጀመሪያው ጥገና ስድስት እጥፍ ሆነ። መኪናዋን ከመስጠታቸው በፊት አራት ጠዋት አስመጥተው ቱቦውን አስጨበጡኝ፤ ክዳኑን በብርዱ ከፍተው፣ ሞተሩን አስነሥተው ውሃው ውስጥ አረፋ ይኖር እንደሆነ አሳዩኝ። አረፋ አልነበረም።

እናቴ ሌላ ቀጠሮ ያገኘችው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። እነዚያን አምስት ሳምንታት አዲስ አበባ፣ ሌላዋ እህቴ ዘንድ፣ ተቀምጣ እያደረች ቆየች። ቀዶ ሕክምናው ተሳካ፤ ዛሬ ተጋድማ ትተኛለች። ልጁ ከጭኑ ቆዳ ተወስዶ ክንዱ ላይ ተተከለለት። እጁን ይዘረጋል፣ ይጽፋል፤ ጸሐይ ላይ ሲሆን ግን ቦታው ያሳክከዋል፣ እጅጌውንም ቁልቁል ይጎትታል። አንድም ቀን በእኔ ላይ ቃል አላወጣም። አንድ ቀን ብቻ 'ጋሼ፣ እርስዎ ሲከፍቱት ለምን አልፈነዳም?' ብሎ ጠየቀኝ። ቀስ በቀስ ስላስተነፈስኩት ነው፣ ዕድልም ስለነበረኝ ነው አልኩት። እኔም መክፈት አልነበረብኝም፤ ይህንንም ነገርኩት።

ደብረ ማርቆስ ስመለስ ወደዚያ ጋራዥ ሄድኩ። በልቤ ብዙ ቃል ይዤ ነበር። አባይ በረሃ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ክስ ነበር። ወጣቱ መካኒክ የሆነውን ሰምቷል፤ ሲያየኝ ቁልፉን አስቀምጦ ተነሣ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ልጁ እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ከዚያ ጓርኒሲዮኑን ከጋዜጣ ፈትቼ ከጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ሽማግሌው መካኒክ ያነበቡልኝን በሙሉ በጣቴ እያሳየሁ አነበብኩለት፤ ሲሊኮኑን፣ የተቃጠለውን ቀለበት፣ ጠርዙ ላይ ያለውን ምልክት። አልተከላከለም። ሁለቱን ተለማማጆቹን ጠርቶ 'ኑ፣ እዩ' አላቸው፤ ስለ ቡሎን ጉድጓዶቹ ስነግረው 'ይሄን አላወቅሁም ነበር' አለ። ስለ ሲሊኮኑ 'ይሄን አውቅ ነበር' አለ። ስለ ቴስታታው ስደርስ ግን ቀና ብሎ አየኝ።

'መምህር፣ ሦስት ቀን ይስጡኝ ብዬ ነበር።'

'ብለህ ነበር' አልኩት።

ጋራዡ ውስጥ ያለው ሁሉ ዝም አለ። ያዘጋጀሁት ክስ አፌ ላይ ቀረ። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እሱም ጠየቀኝ፤ የሁለታችንም ይቅርታ ለልጁ ክንድ ምን እንደሚያደርግ ሁለታችንም አናውቅም። ልወጣ ስል በር ድረስ ተከተለኝ።

'ሌላ ሰው እንደዚያ ሲያጣድፈኝ ምን ልበለው? እምቢ ብል ከጎኔ ወዳለው ይወስዳታል፤ እሱ በአንድ ሌሊት ይሠራዋል' አለ።

ተመልሼ ጓርኒሲዮኑን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁና እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

'ይሄን አሳየው' አልኩት። 'ስለ ልጁም ንገረው።'